ጋሽ ብሎን ምን ይበል?

— ሄሎ… ሄሎ ፋሩቅ፣ ምን ይበል ልጄ? ጋሽ ብሎን ምን ይበል?… ሮቦቱ ነዋ! የዳሊያ ሮቦት፣ ሌላ ምን ጋሽ ብሎን አለ። ወረቀቱን ባዶውን ሰጥታኝ ጓዳ ገባች። እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ አንድ ቃል አልመጣልኝም።

— … ወዓለይኩሙ ሰላም። ይቅር በለኝ፣ ሰላምታውንም ረሳሁት። መተሃራ ዛሬ ኔትወርክ አለ? ትሰማኛለህ?… እኔ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልችልም፣ ግድግዳው ስስ ነው። አንተ ጮክ በል፣ እኔ ቀስ እላለሁ።

— አዎ፣ ዛሬ ጨረሰች። ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ሚኒስትሪው እንዴት ነበር ብላት “ጥሩ” አለች። በቃ፣ “ጥሩ”። ምሳዋን አልነካችም።

— አውቃለሁ። ፈተናው እስኪያልቅ አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም… ነገ? እንዴት ነገ! ውጤቱ እስኪመጣስ?… እሺ አትጩህብኝ… ከሱብሒ በኋላ። እነማን ናችሁ የምትመጡት?… አንተ፣ ሼህ ሱሌማን፣ ከእድሩ ጋሽ ዲበኩሉ። እሺ። ጋሽ ዲበኩሉ ደግ ሰው ነው፣ መርዶ መንገር ያውቅበታል። ግን ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው ፋሩቅ። እናቷን በአራት ዓመቷ ቀበረች፣ አሁን ደግሞ አባትሽ…

— … አላለቅስም። መች አለቀስኩ። እስካሁን ሳለቅስ የሰማኝ የሻወር ቤቱ ቧንቧ ብቻ ነው።

— አሻንጉሊት አትበለው! አንተ ምን ታውቃለህ። አባቷ ሽኩር ከጅቡቲ ሲያመጣላት አንድ እጁ ተሰብሮ ነው የደረሰው። “እማ፣ ጎሚስታ ያድነዋል” ብሎኝ… አዎ፣ እሱ ነበር እንዲህ የሚያወራው። ጎሚስታ ሳይሆን እኔ ነኝ በላስቲክ ያሰርኩት።

— ከዚያማ ጀመርን። እሷ ቡፌው ላይ ታቆመዋለች፣ ቤት ትሠራለታለች፣ መንገድ ትሠራለታለች። እኔ የሚናገረውን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። በመጥረጊያ ጭራሮ ሰክተን ከራሱ በላይ እናቆማለን፣ ከዚያ ፎቶ ታነሳዋለች። “እማማ፣ ጽሑፍሽ ያምራል” ብላ እኮ ነው። ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት ለጋሽ ብሎን ኖሯል። ከዚያ አርብ አርብ ለአባቷ በቴሌግራም ትልክለታለች።

— የመጀመሪያው? መብራት የጠፋ ቀን። ጋሽ ብሎን ከቻርጀሩ ጎን በጀርባው ተንጋሎ፣ “ጾመኛ ነኝ፣ አታናግሩኝ” ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት!… ሳቅ፣ ሳቅ፣ ምን ታፍናለህ። ወንድምህ ተሳቢውን ዳር አቁሞ ነው የሳቀው። እሱ መች ይጽፋል፣ ድምፁን ነው የሚልክልን። ከሳቁ ኋላ አንዲት የመንገድ ዳር ፍየል ትጮሃለች። እሱ ሲስቅ እሷ ስትጮህ፣ እሱ ሲስቅ እሷ ስትጮህ…

— ካውያዋንስ አይተሃታል? ጋሽ ብሎን ካውያዬን ወዶ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ድንች፣ ቆርኪ እንደ ኮፍያ ደፍተንላቸው። ድንቹ “ልጃችን ጨዋ ነው፣ አንድ እጅ ቢጎድለው ነው” ይላል። እኔ ደግሞ በካውያዋ ወገን፣ “ልጃችን ቶሎ ትግላለች፣ ኋላ እንዳትወቅሱን” አልኩ። ለዚያችኛዋ ሽኩር ሁለት ጊዜ ነው የሳቀው፤ አንዴ አዋሽ ላይ፣ አንዴ ሚሌ ደርሶ።

— … አዎ። ሚሌ።

— አርባ ሦስት ቀን ሆነ፣ መቁጠርማ እቆጥራለሁ። አንተ ሄደህ አፈር አልብሰኸዋል፣ ዓይንህ አይቷል። እኔ የደረሰኝ ስልኩ ነው። ረዳቱ ጠሃ ይዞልኝ ሲመጣ መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ያን የሚያህል መኪና ተገልብጦ፣ ልጄ ሞቶ፣ ስልኩ ደህና!

— እሱን ነው ልነግርህ የምፈልገው። አትቆጣኝ። አትቆጣም? ወላሂ በል… አርብ መጣ። ፎቶውን ላከች። መሸ፣ አባቷ ዝም። ቅዳሜም ዝም። “እማማ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው?” ስትለኝ ፊቷን ባየኸው። ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞልኝ ሳለ ዝምታው ሊነግራት ሆነ። ስለዚህ… ትምህርት ቤት ስትሄድ ስልኩን ከደበቅሁበት ከሩዙ ጆንያ አወጣሁና ያንን የድሮውን ሳቅ መልሼ ላክሁላት።

— … ሄሎ?… ፋሩቅ?… አለህ?

— አዎ፣ እኔ። የልጄን ሳቅ። መላክ ያስተማረችኝ እሷው ራሷ ናት… ስድስት አርብ። ሌላ ደህና የሚሰማ አላገኘሁም፣ ሌላው በነፋስ የተሞላ ነው። ያንኑ ነው የላክሁት፣ የፍየሏን።

— ታውቃለች አትበለኝ! ከምን ታውቃለች? ድምፁን አጥፍቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከሩዙ ሥር ነው የምቀብረው… እንዴ፣ አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ። “አባዬ ያቺን ፍየል እስካሁን ይዟት ይዞራል?” አለች። ገዝቷት ይሆናል አልኳት። ምን ልበል!

— … መቀስና ካርቶን ይዛ ጓዳ ገባች። በሳምንቱ ጋሽ ብሎንን ከካርቶን ፍየል ጋር አቆመችው። እኔ ሞኟ፣ ፍየሏን “የት ነው የምትወርጂው?” አስባልኳት፣ እንደ ታክሲ። ብቻዬን ሳቅሁ። በሳምንቱ ደግሞ ጋሽ ብሎን ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ፣ ገመዱ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጥሏል። “ኔትወርክ የለም” ብዬ ጻፍኩ። ያለፈው አርብ ደግሞ ትሪ ሙሉ ሩዝ አፍስሳ እስከ አንገቱ ቀበረችው። እኔ “ቢርያኒ ሆንኩላችሁ” ብዬ…

— …

— ሩዝ፣ ፋሩቅ። ሩዝ ውስጥ ነው የቀበረችው።

— ቆይ፣ ቆይ አታውራ። ቆይ የዛሬውን ልንገርህ። ከፊቴ ነው ያለው። ከደብተር ሽፋን በር ቆርጣ አቁማለች። ጋሽ ብሎን ከውስጥ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ። ከበሩ ውጭ ድንቾቹ ናቸው፣ ቆርኪያቸውን ደፍተው። እኔ የካውያዋ ሽማግሌዎች መስለውኝ ካውያዋን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ አዘጋጅቼ ነበር። “አያስፈልግም” አለችኝ። ሦስት ድንች ናቸው፣ ፋሩቅ። አንተ፣ ሼህ ሱሌማን፣ ጋሽ ዲበኩሉ… እናንተ ናችሁ እንዴ?

— እንዴት አትነግረኝም? አባቷ ሞቶ፣ አውቃ፣ ደብተር ይዛ፣ ፈተና ተፈትና… ለምን ዝም አለችኝ?

— … ምን አልክ?… ድገመው… ለእኔ ብላ? እኔ እሷን ስጠብቅ እሷ እኔን… ያ ረቢ። ወረቀቱን ስቄ ነው እኮ ስሰጣት የነበረው! “ቢርያኒ” ብዬ!

— ሽሽ። በሩ ተከፈተ።

— ዳሊያ… ተነሣሽ? ስልክ ነው፣ አክስትሽ ናት ከቡልቡላ። አዎ፣ ሽንኩርት ልላክ ወይ እያለችኝ… ምሳሽን ላሙቅልሽ? እንቁላል ልጥበስልሽ?… ወዴት ነው? ጆንያውን ተይው፣ ሩዝ እኔ እቀዳለሁ። ተይው አልኩሽ፣ እጅሽ ይቆሽሻል…

— ፋሩቅ፣ እጇን ከተተች። እስከ ክንዷ። ላስቲኩን አልፈለገችውም፣ የት እንዳለ ታውቃለች… ዳሊያዬ፣ ስሚኝ፣ እኔ እኮ…

— ወረቀቴን ከጭራሮው ላይ አነሳች። ባዶውን። ስልኩን እዚያ ላይ አስደገፈችው፣ ከጋሽ ብሎን ራስ በላይ። ምን እያደረገች ነው፣ ምን…

— … ሰማኸው?… ሰማኸው ፋሩቅ? እሱ ነው። ወንድምህ ነው… ፍየሏ ናት፣ አዎ። አታልቅስ፣ አንተ ካለቀስክ እኔ ምን ልሆን ነው።

— ነይ ልጄ። ነይ ወደኔ። ንገሪኝ፣ ስደቢኝ… ነጠላዬን ለምን ትለብሻለሽ? ዘቅዝቀሽዋል እኮ፣ ጥለቱን ወደ ላይ… ዳሊያ! ፀሐይ ነው፣ ምሳ አልበላሽም… ዳሊያ!

— … ወጣች። በሩን እንዳለ ከፍታው ሄደች፣ ፋሩቅ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።