መሐላና ልክ

የሚፈልጉትን ሲያጡ ያልፈለጉትን ማግኘት ያለ ነው። አባ ጀምበሩ ያን ሰኞ ጠዋት ከሚኖሩበት ከኔቬ ያዕቆብ ሰፈር በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም መሀል ከተማ የወረዱት የልጃቸውን ባል ታሪኩን ፍለጋ ነበር። ታሪኩ ግንበኛ ነው። በኢትዮጵያ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉትን የድሮ ቤቶች ሲጠግን ስለሚውል፣ ከጠፋም የሚጠፋው እዚያው አካባቢ እንደሆነ ያውቃሉ። በጎዳናው ላይ ባለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ሲታጠፉ ያገኙት ግን ማልካን ነው። በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው የውኃ ጠርሙስ ይዛ በጥድፊያ ትሄድ ነበር።

ማልካ፣ ጎንደር ሳሉ ጎረቤታቸው የነበረው የአዝመራ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ እዚህ አገር ገብታ፣ ተምራ፣ በቅርብ ባለ አንድ ክሊኒክ መጠጥ ያስቸገራቸውን ሰዎች የምትረዳ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆናለች። አባ ጀምበሩ ሥራዋን ከሰሙ ጀምሮ አልወደዱትም፤ ምክር የሽማግሌ ነው ባይ ናቸውና።

«ሻሎም፣ አባ ጀምበሩ። እንደምን አደሩ?» ብላ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይመስገን። ታሪኩን አላየሽም?»

ማልካ የያዘችውን ዳቦ ወደ ጎኗ ሸሸግ አደረገች። ለሽማግሌው ይህ በቂ መልስ ሆነ።

«አይተሽዋል እንግዲህ» አሉ።

«ደህና ነው። የት እንዳለ ግን እሱ ሳይፈቅድ ልነግርዎ አልችልም። የሥራችን ሕግ ነው።»

የአባ ጀምበሩ ፊት ጠቆረ። «ልጄ ደስታነሽ ነፍሰ ጡር ናት። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ዓይኗ በር ላይ ነው። ሕግሽ እሷን ያውቃታል?»

«ያውቃታል። እሱም ዛሬ በእግሩ ወደኛ የመጣው ስለ እሷ ብሎ ነው። ይህን አድርሼለት፣ ፈቃዱን ጠይቄ ልመለስ። እባክዎ አረፍ ይበሉ።»

አባ ጀምበሩ ቤተ እስራኤላዊ በመሆናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልገቡም፤ ውጭ ባለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ቁጣቸው እንደ ተዳፈነ እሳት ውስጥ ውስጡን ይፋጅ ነበር። የሰፈር ሽማግሌ ሆነው ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው፣ የገዛ አማቻቸው ያለበትን ቦታ ከጎረቤት ልጅ ለምነው ሊያውቁ ነው።

ማልካ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። «ፈቅዷል። ነገር ግን መጀመሪያ ከእኔ ጋር እንዲነጋገሩለት ይለምንዎታል። ፊትዎን ማየት አፍሯል።»

«ማፈርማ ይገባዋል» አሉ። «ዳግመኛ ላይጠጣ ሦስት ጊዜ በኦሪት አስምለነዋል። ሦስቱንም መሐላ በላ። በፈረሰ ቁጥር ጠፍቶ ይሰነብታል። ባለፈው በጋ ሰክሮ ገብቶ፣ ሻይ ላፍላ ብሎ ጋዙን እንደከፈተ እንቅልፍ ጣለው። ደስታነሽ ባትነቃ ኖሮ ዛሬ ወላጅም ተወላጅም የለም። እኔ አራተኛ ላስምለው አልመጣሁም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ፍቺውን እንጨርሳለን።»

«የደስታነሽ ፈቃድ ከሆነ የሚከለክላት የለም። ቤቷ የሚያስፈራት ከሆነም የምታርፍበት እንፈልግላታለን። ግን ልጠይቅዎ፤ ዓርብ ማታ ምን ሆነ?»

«የሰንበት ማዕድ ነበር፤ እንግዳም ነበረን። ወይኑ ተባርኮ ጽዋው ሲዞር እሱ ዘንድ ደረሰ። ተጎነጨ።»

«ምን ያህል?»

«አንዲት ጉንጭ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹መሐላህ ፈረሰ› አልኩት። እንግዳው ሁሉ ሰማ። ተነሥቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

«አባ ጀምበሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያቺ ጉንጭ ናት ታሪኩን ያሰከረችው?»

ሽማግሌው በትራቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። አንዲት ጉንጭ የሰንበት ወይን ሰው እንደማታሰክር የሚጠፋው የለም። ይሁን እንጂ ያስማሉት እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ፣ ነገሩ ወደ እሳቸው እንደሚመጣ ታወቃቸው።

ማልካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ከበሩ ሲወጣ በልቡ የነበረውን ነግሮኛል። ‹ከፈረሰ አይቀር› ነው ያለው። በመሐላ ፊት አንዲት ጉንጭ የቀመሰውም፣ ጠርሙስ የጨረሰውም እኩል መሐላ በላ ይባላሉ። እኩል ከተባሉ፣ ሰውየው በጉንጯ ላይ ለምን ይቁም? ማን ያመሰግነዋል?»

«ታዲያ ጠጣ እንበለው? ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል?»

«ጠጣ አይደለም፤ ልክ ይኑርህ ነው። አረቄና ቮድካ ጨርሶ አይነካም። በሰንበትና በበዓል ከምግብ ጋር ሁለት ቢራ፤ ከዚያ አያልፍም። ብቻውን አይጠጣም። ሲናደድ አይጠጣም። ሲሠራ አይጠጣም። ልኩንም ደስታነሽ ታውቀዋለች።»

«ልክ የሚያውቅ ቢሆን መች እዚህ ደረስን?»

«ልክ አብሮ አይወለድም፤ እንደ ግንበኝነቱ በልምድ ይመጣል። ደግሞ ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ አልዋሽዎትም። ጠዋት ሲነሣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ጉበቱ የታመመ፣ ልክ ሞክሮ ያቃተው፣ እነዚህ ፈጽመው መተው አለባቸው። መተዉም በሐኪም እየታዩ ነው፤ ዕለት ዕለት ሲጠጣ የኖረ ሰው ብቻውን በድንገት ቢያቆም ለሞት የሚያደርስ ሕመም ሊጥለው ይችላል። ታሪኩን ዛሬ ሐኪሙ መርምሮታል። እዚያ ገና አልደረሰም። ሳይደርስ እንያዘው ነው የምልዎ።»

«እኔ ሰው በመሐላ ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ አባ ጀምበሩ። «ወገራ የነበረ የአጎቴ ልጅ አንድ ጊዜ ምሎ፣ እስኪሞት ጠላ አልቀመሰም።»

«እውነት ነው። መሐላ የሚያድነው ሰው አለ፤ እሱ ይማል። ሦስት ጊዜ ያላዳነውን ሰው ግን በአራተኛው መስበር ምክር አይሆንም።»

«ልኩንስ ቢያልፍ?»

«ቢያልፍ አይጠፋም፤ ቤቱ መጥቶ ይናገራል። ደጋግሞ ካለፈም ልክ የእሱ መንገድ አለመሆኑን ሌላ ሰው ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የሚተወው አፍሮ ሳይሆን አውቆ ነው።»

አባ ጀምበሩ አልተረቱም። ነገሩን ለደስታነሽ ልተውላት ብለው ብቻ ተነሡ። ታሪኩ ከክሊኒኩ ወጥቶ ከኋላቸው ተከተለ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠው ወደ ኔቬ ያዕቆብ ተመለሱ።

ደስታነሽ ባሏ ነገሩን እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «እስክወልድ ድረስ ሞክር» አለችው። «የማስወጣህ ልክህን ስላለፍክ አይደለም፤ ከዋሸኸኝ ነው። ጋዙን ግን ቀምሰህ በገባህበት ቀን አትነካም።»

አባ ጀምበሩ ግን በልባቸው፣ ልኩን ያለፈ ዕለት ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብለው ቆርጠዋል።

ሳምንታት አለፉ። ታሪኩ በሰንበት ሁለቱን ጠጥቶ ጠርሙሱን ይገፋል። አባ ጀምበሩ የመጨረሻዋን ጉንጭ እስኪውጥ እህል አይወርድላቸውም ነበር። ወደ ማልካ ክሊኒክም ሳያቋርጥ ይመላለሳል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ እያዩ፣ ጅቡ ገና አልራበውም ይሉ ነበር።

ዝናብ በጀመረ ሰሞን አንድ ዓርብ ታሪኩ ቀረ። የመጨረሻው አውቶቡስ አለፈ፤ ሰንበት ገባ፤ መብራቱ በራ። ምግቡ በሰንበት ማሞቂያው ላይ እንደተከደነ ነው። ደስታነሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። አባ ጀምበሩ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሚሉትን አዘጋጅተዋል፤ ‹ልብስህን ይዘህ ውጣ›፤ ሌላ የለም።

በሩ ሲከፈት ታሪኩ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ ቆሞ ነበር። ከመሀል ከተማ ድረስ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ መጥቷል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ምላሱ ግን አልተሳሰረም።

«ጣሪያውን ጨረስን ብለው ሠራተኞቹ ጋበዙ» አለ ሚስቱን እያየ። «አራት ጠጣሁ። ልኬ ሁለት ነበር። ሦስተኛውን ስጨርስ ‹ከፈረሰ አይቀር› የሚለው መጣብኝ። አራተኛውን ጠጣሁ። አምስተኛው ሲከፈት ግን መሐላ አልፈረሰም፣ ልክ ነው ያለፈው አልኩና ተነሣሁ። አውቶቡሱ አምልጦኝ በእግሬ መጣሁ።»

ደስታነሽ ወደ አባቷ ዞረች። አባ ጀምበሩ ያዘጋጁት ቃል አፋቸው ላይ ነበረ። ከታሪኩ ልብስ የሚንጠባጠበውን ውኃ አዩ። ሲያስምሉት አንዲት ጉንጭ ከቤቱ አውጥታ ሦስት ቀን አጠፋችው፤ ልክ ሲኖረው አራት ቢራ ጠጥቶ በዝናብ በእግሩ ወደ ቤቱ መጣ። ይህ በአባ ጀምበሩ ሚዛን የሚመዘን ነገር ነበር፤ መዘኑትም።

«ልብስህን ቀይር» አሉት በመጨረሻ። «ብርድ ይመታሃል።»

ማዕድ ሲቀርብ ወይኑን ወደ ጎን አድርገው በወይን ጭማቂ ባረኩ። ይህን ማድረግ ቀድሞም ይቻል እንደነበር ማንም አላነሣም። ታሪኩ ሲበላ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባ ጀምበሩ ማልካ ያለችው ትዝ ብሏቸው ክፉኛ ደነገጡ። በኋላ ግን ብርዱ መሆኑን አወቁ፤ ሲሞቀው ተወው።

«አባ» አለ ታሪኩ ከምግቡ በኋላ፣ «ከሠራተኞች ጋር ስሆን ልክ አልችልም፤ ዛሬ አውቄዋለሁ። እዚያ ጨርሶ አልጠጣም። እዚህ ቤት ካልቻልኩ ደግሞ እዚህም እተዋለሁ።»

«ማን አስተማረህ ይህን?»

«አራተኛው ጠርሙስ» አለ።

አባ ጀምበሩ ያን ምሽት ሳይከራከሩ ተረቱ። ሰው ሲረታ ሁልጊዜ አይናገርም።

ደስታነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። በስምንተኛው ቀን በሰፈሩ አዳራሽ ግርዛቱ ተፈጽሞ ድግሱ ሲደራ፣ የአባ ጀምበሩ የወንድም ልጅ ገበያው የቮድካ ጠርሙስ ይዞ ታሪኩ ፊት ቆመ። ገበያው ከሁሉ በላይ የሚጠጣ፣ ከሁሉ በላይም የሚያጠጣ ሰው ነው።

«የልጅህ ቀን ነው። በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» አለው።

«ልኬን ጨርሻለሁ፣ ወንድሜ።»

«በሞቴ እያልኩህ?»

በዙሪያው የነበሩት ወደ ታሪኩ ዞሩ። በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ ካለ ስድብ ነው፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ታሪኩ አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ በሩን አየ። ደስታነሽ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀና አለች። ያን ጊዜ አባ ጀምበሩ ተነሥተው በመካከል ገቡ።

«ገበያው፣ ተቀመጥ» አሉ በዝግታ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ። «እኛ ሰውን በአንድ እጃችን እንዳትጠጣ ብለን እናስምላለን፤ በሌላው በሞቴ እያልን እናጠጣለን። ሲወድቅ ደግሞ መሐላ በላ ብለን እናስወጣዋለን። ይህን ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ይህ ሰው ልክ አበጀ። ልክ ካበጀ ወዲህ ሥራው አልተቋረጠም፤ ሚስቱ ተኝታ ታድራለች፤ ቢሳሳትም ቤቱ መጥቶ ይናገራል እንጂ አይጠፋም። ልክ የማይሆንለት ሰው ደግሞ አለ፤ እሱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጨርሶ ይተው፣ እኛም እናክብረው። ልኩን የጨረሰውንም፣ የተወውንም በሞቴ የሚል ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት አይምጣ።»

አንዳንዱ አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ገበያው የያዘውን ራሱ ጨልጦ ወጣ። አባ ጀምበሩ ዘመድ ያጡ መስሏቸው ሰነበቱ።

አንድ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ገበያው ነበር። አልተቀመጠም፤ ካፖርቱንም አላወለቀም። ኪሱ ውስጥ የከተታቸው እጆቹ በጨርቁ ሥር ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ።

«ያቺ የአዝመራ ልጅ» አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ «የምትሠራው የት ነው?»

አባ ጀምበሩ እጆቹን አዩና አንድም ነገር አልጠየቁትም፤ ስለ ልክም አላወሩትም። በትራቸውን አነሡ።

«ና፣ አብረን እንሂድ» አሉት።