ለፓትሪክ ቀን የተጣደው ድስት

(ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 8 ረፋድ ላይ፤ አየርላንዳዊው የውኃ ፓምፕ ባለሙያ ዴክላን ለአገሩ በዓል የተዋሰውን ወንበር አራግፎ ወደ ኩሽና ሲገባ፣ አማቱ ወይዘሮ አጸደ በተጣደው ድስት ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።)

አጸደ፦ ክዳኑን አትነካም ብያለሁ።

ዴክላን፦ እማማ፣ ላማስለው ብቻ ነው። ያርራል።

አጸደ፦ ይረር። ካልጠፋ ድስት የጾሙን ድስት አንስተህ በግ ትቀቅልበታለህ?

ዴክላን፦ ትልቁ እሱ ነው። ሃያ ሰው ጠርቼ በሻይ ማንቆርቆሪያ ልቀቅል?

አጸደ፦ ከሃያው ሰው የማይጾመው ስንት ነው?

ዴክላን፦ እኔ፣ አባቴ...

አጸደ፦ ቀጥል።

ዴክላን፦ ጎረቤታችን አቶ ሲሳይ።

አጸደ፦ ሲሳይ ዘንድሮ ይዟል። ሚስቱ አስይዛዋለች።

ዴክላን፦ እንግዲያው እኔና አባቴ።

አጸደ፦ ለሁለት ሰው በግ። ጎበዝ።

ዴክላን፦ አንድ እግር ብቻ ነው። ደግሞ እኛ አገር በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ጾሙ ይላላል። ለአንድ ቀን።

አጸደ፦ ጾም ቀበቶ ነው የሚላላው?

ዴክላን፦ ምን ላድርግ፣ በዓሉ ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። የነፍስ አባትዎንም እኮ ጠይቄያቸዋለሁ።

አጸደ፦ አባን? ምን አሉህ?

ዴክላን፦ ሳቁ። እኔ ፈቀዱ ብዬ ተረዳሁት።

አጸደ፦ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ኖረህ የአባን ሳቅ አታውቅም?

ዴክላን፦ ለማንኛውም ወንበር ልዋስ ስወጣ፣ ስጋውን በአራት ሰዓት ጨምር ብዬ ለአባቴ ነግሬው ነው የሄድኩት። መቼም እሱን አይቆጡትም።

አጸደ፦ ማን ይቆጣቸዋል? ከነኮታቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ያቺን ባለ ሦስት ቅጠሏን ደረታቸው ላይ ምን ያደርጓታል ብዬ ስጠይቅ፣ ጻድቁ በእሷ ነው ሥላሴን ያስተማረው አሉኝ። ወደድኩት። ግን በቅጠል ሥላሴን ያስተማረ ጻድቅ፣ በሁዳዴ በግ ብሉልኝ አለ ብትለኝ አላምንህም።

ዴክላን፦ እሱ አላለም። እኛ ነን ያልነው።

አጸደ፦ እህ! እንዲያ በለኝ።

ዴክላን፦ ሽታው ግን ቀለል አላለብዎትም? ስጋ ስጋ አይልም።

አጸደ፦ ጉንፋን ይዞህ ይሆናል። ስማኝ፣ አረንጓዴ ልበሱ አልክ፣ ለበስን። ሲሳይ ሌላ አረንጓዴ ስላጣ የጋራዡን ቱታ ለብሶ በር ላይ ተቀምጧል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የትርሲትን ሻርፕ ተዋስኩ። ስጋ ባለበት ማዕድ ግን በሁዳዴ አልቀርብም። ሻርፑን ለሚስትህ መልሼ ቤቴ እገባለሁ።

ዴክላን፦ እማማ፣ እንዲህስ አይበሉ።

አጸደ፦ ብያለሁ።

ዴክላን፦ እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ይህን ቀን ብቻውን ነው የሚያሳልፈው። አራት ዓመቱ። በስልክ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ፣ እሱም አመሰግናለሁ ብሎ ይዘጋል። ዘንድሮ ስንት ለምኜው መጣ፣ ነገ ደግሞ ይሄዳል። ከጎኑ የሚቀመጥ የዕድሜ እኩያ ካላገኘ፣ እኔና ትርሲት ብንከበው ብቻውን ነው። እርስዎ እንዲቀመጡልኝ ነው የምፈልገው። ሌላው ሰው ቢቀር ይቅር።

አጸደ፦ ይኼን ሰውዬ ትወደዋለህ ማለት ነው።

ዴክላን፦ በጣም። ለእሱ ግን ነግሬው አላውቅም።

አጸደ፦ እንግዲያው እንደራደር። ልቀመጥልህ። አንተ ግን ከነገ ጀምረህ እስከ ፋሲካ ትጾማለህ።

ዴክላን፦ እኔ?

አጸደ፦ ጠዋት ጠዋት የምታንጫጫው እንቁላል ይቀራል።

ዴክላን፦ እሺ። እንቁላል ይቅር።

አጸደ፦ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ። መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍተህ መጠበቅ የለም፤ እንደ ሰው ትቆማለህ።

ዴክላን፦ እስከ መጨረሻው?

አጸደ፦ እስከ መጨረሻው።

ዴክላን፦ እሺ፣ እቆማለሁ።

አጸደ፦ ሻይ በወተትም የለም።

ዴክላን፦ ወተቱን አይንኩብኝ።

አጸደ፦ ወተት የፍስክ ነው።

ዴክላን፦ ጠብታ ብቻ። ከለሯን ለመለወጥ።

አጸደ፦ እንግዲህ ሻርፑ የትርሲት ነው፣ አደራ መልስላት።

ዴክላን፦ ይቀመጡ! ይቀመጡ በማርያም። እሺ፣ ወተቱም ይቅር።

አጸደ፦ በአባትህ ፊት ትደግመዋለህ?

ዴክላን፦ በአባቴም፣ በአቶ ሲሳይም፣ በቱታውም ፊት እደግመዋለሁ።

አጸደ፦ በል አሁን ክዳኑን ክፈተው።

ዴክላን፦ ድንች። ጥቅል ጎመን። ካሮት። እማማ፣ ስጋው የታል?

አጸደ፦ ፍሪጅ ውስጥ። ከወረቀቱም አልወጣ።

ዴክላን፦ አባቴ ረሳው?

አጸደ፦ ምን በወጣቸው! በአራት ሰዓት ይዘውት መጡ፣ ፊቴን አዩ፣ እኔም አየኋቸው፤ መልሰው አስገቡት። ኋላ ትርሲትን ጠርተው አስተረጎሙ። እናታቸው ቤት በዛሬው ቀን የሚቀርበው ድንችና ጎመን ብቻ ነበር አሉ። ስጋ የመጣው ካለፈላቸው በኋላ ነው።

ዴክላን፦ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

አጸደ፦ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

ዴክላን፦ እኔ ደስ ይበለው ብዬ ነበር።

አጸደ፦ ደስ ብሏቸዋል። ካሮቱን የከተፉት ራሳቸው ናቸው።

ዴክላን፦ ቆይ፣ ስጋ ከሌለበት ታዲያ እኔን ለምን ያንን ሁሉ ቃል አስገቡኝ?

አጸደ፦ እሳቸው ለምነውኝ ነዋ። "ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ጾም ይዞልኝ አያውቅም፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት" አሉ። ይኸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ትርሲት ቃል በቃል እየተረጎመችላቸው፣ የተናገርከውን ሁሉ ሰምተዋል።

ዴክላን፦ እወደዋለሁ ያልኩትንም?

አጸደ፦ እሱንማ ሁለት ጊዜ አስደገሟት። በል ሂድ፣ ወንበሬን ከእሳቸው ጎን አድርግልኝ። ሻይ ስትቀዳም ለእሳቸው ወተት ጨምርላቸው፤ እንግዳ ናቸው።