ከሠርግ በፊት የተደበቀ መርዶ

በሠርጌ ቀን ለሙስሊም እንግዶቻችን በጉን ያረዱልን የሞጣው ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ሰይድ፣ ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ ሐዋሳ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ሙሽራና አክስቷ ሞጣ ስለሚደገሰው ሠርግ ያወራሉ።

«ዳሱም ጠላውም ተይዟል። ምን ቀረ፣ እትዬ?»

«ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚያርድ ሰው።»

«እሱንማ ትናንት ጨረስሁ። ጋሽ ሰይድ ቤት ደወልሁ።»

«ምን አልሽ?»

«‹ቢላዋቸውን ይሳሉ፤ እምቢ ካሉ ታስረው ይመጣሉ› ብዬ ለሚስታቸው ቀለድሁ።»

«ምን መለሱልሽ?»

«‹እሺ ልጄ፣ አላህ ያሳምርልሽ።› ምነው፣ እትዬ?»

«ጋሽ ሰይድ እኮ ዐርፈዋል። ሠርጉ ይለፍ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

«ወይኔ ጉዴ! ሚስታቸውም አውቀው ነው ዝም ያሉኝ?»

«ደስታሽን ላለማደፍረስ ነዋ።»

«ሞጣ እንደገባን መጀመሪያ እሳቸው ቤት ነው የምሄድ።»

«ሙሽራ ለቅሶ ቤት አይገባም፣ አንቺ ልጅ!»

«ታዲያ ለቅሶ ሳልደርስ ሚስታቸው ፊት በቬሎ ልቁም?»



እኔ እነሱን ስሰማ መውረጃዬን አለፍሁ፤ ይህን የምታነቡ፣ በቀብራቸው የነበራችሁ የሞጣ ሰዎች፣ ከእኛ ቤት አፈር ያለበሳቸው ሰው ነበረ ወይ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።