የጎረቤታችን ንጣት

ነይ ግሌኒስ፣ እዚህ ተቀመጪ። ዱጋል ጠጋ ይልልሻል፤ መደቡ ለሦስታችንም ይበቃል። ባቡሩ ሞልቶ ነበር? ከካርዲፍ እስከ በርሚንግሃም ቆመሽ መጣሽ? አይ አንቺ፣ በዚህ ጉልበትሽ… እንቁላል ሳንድዊች አለልሽ፤ ሻይም በፔርሙዝ ይዣለሁ።

ውጤቱን ሰማሽ አይደል? በዛሬው የውሻ ትርኢት ከነጫጭ ቴሪየር ውሾች ዱጋል ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው ይኸው ጎረቤታችን ነው፤ የሚለየን ይቺ ሳንቃ ብቻ ናት። ድምፄን ልቀንስ? ለምን ብዬ? የውሻውን ባለቤት እኮ ላመሰግናት ነው። ምስጋና በሹክሹክታ ምን ያደርጋል…

እንዴት ያለች ባለሙያ ሴት መሰለችሽ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ዱጋልን ሳጥበው፣ ሳበጥረው፣ ጭቃ እንዳይነካው ተሸክሜ ሳሸናው ከረምኩ። የሷን ትናንት መኪና ማቆሚያው ላይ ሳየው መልኩ ሻይ በወተት ነበር። ዛሬ ጠዋት ወተት ብቻ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል… እሷ ቤት ግን ውሻም አድሮ ይጠራል።

ስሙንስ አይተሻል? የወረቀት ስሙ «ዘላለማዊ የበረዶ ንጽሕና ዘሃርትዌል» ነው። ቤት ውስጥ የምትጠራው «ብስኩት» እያለች ነው። ለምን ብስኩት እንዳለችው እኔ ምን አውቄ? ቡችላ ሆኖ ብስኩት ይወድ ይሆናል። በመልኩማ ሊሆን አይችልም፤ ምን በወጣው…

ደግሞስ ብስኩት ምን ነውር አለው? ይህን ትርኢት ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረው ሰውዬ የውሻ ብስኩት ሻጭ አልነበር? ቤቱ የነበረው ግን ድመት ነው ይላሉ። አየሽ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ውሻ ሳያውቁ መክበር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ስለ ሟቹ ነው የማወራው እኮ…

ዳኛውን ሚስተር ፔንሮዝን መቼም ታውቂያቸዋለሽ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ጥርስ ያያሉ፣ ጀርባ ይዳስሳሉ፣ አስኪደው አረማመዱን ይመለከታሉ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ወደ ብስኩት ቀረቡና እጃቸውን ጀርባው ላይ ቢያሳርፉ… ቡፍ። ሦስቴ አስነጠሳቸው። ውሻውንም አስነጠሰው። ዳቦ ጋጋሪ መስለው ተመለሱልሽ። ጠመኔ ፀጉሩ ላይ የተገኘ ውሻ እንደሚባረር ሕፃን ያውቃል፤ እሷ ደግሞ ደንብ አክባሪ ናት። እንግዲያው ፎረፎር ነዋ። ምስኪን፣ ያን ሁሉ ፎረፎር ተሸክሞ አንደኛ መውጣቱ አያስደንቅም? እሳቸውም የባለሙያ ዓይን ስላላቸው ኮታቸውን አራገፉ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉና ቀጥታ ወደ ብስኩት ሄደው አንደኛ አሉት።

ኧረ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ባለፈው ነሐሴ ሚስተር ፔንሮዝ ኮርንዎል ባለው የባሕር ዳርቻ ቤቷ ሁለት ሳምንት መሰንበታቸው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እንግዳ መቀበል ጽድቅ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት ስለ ውሻ ብቻ ነው… አይደል?

እኔማ ቅር አላለኝም። ብዪ እንጂ፣ ሳንድዊቹ እኮ ደረቀ። እሺ፣ ቅር ብሎኛል። ዱጋል ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤ ከዚህ ወዲያ አላንገላታውም፣ ይህ የመጨረሻው ነው። ዛሬ ማታ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ፣ ያ ሁሉ መብራት እየበራ፣ ከሌሎቹ የቴሪየር ዘሮች አንደኞች ጋር ቢሰለፍልኝ ብዬ ነበር። ማሸነፉን ትቼዋለሁ። አንድ ዙር ሄዶ ሰው ቢያጨበጭብለት ይበቃኝ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን እዋሽሻለሁ።

ታዲያ ለምን አላመለክትም ነው የምትይው? እኔ? ሰው እንደዚያ የለፋበትን? ይልቅ የማታው ዳኛ ሌላ ናቸው አሉ። ኮርንዎል ረግጠው አያውቁም። ንጽሕና ወዳድ ናቸው፤ በየውሻው መሃል እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ሳያደርቁም ይዳስሳሉ። ቢያውቁት ምናለ፣ እርጥብ እጅ ፎረፎር እንዴት እንደሚያባብስ…

ቆይ፣ ጎረቤቶቻችን ተነሱ መሰለኝ፤ ሊገቡ ነው። እኔማ ሳልመርቅ አልለቅም፤ ጉርብትና ነው። ና ብስኩትዬ፣ የኔ ጌታ። አይ፣ አልነካህም፤ እጄ ላይ ሻይ ፈሶብኛል። ሂድ፣ ቀንቶህ ግባ፤ እመቤትህን አኩራልን። ክፉ ዓይን አይይህ፤ እግዜር ይህችን ንጣትህን አንዲት ብናኝ ሳትረግፍ ለማታ ያድርስልህ።