ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም

ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚከብደው አዲስ ነገር መማሩ ሳይሆን፣ የለመደው ነገር ስህተት ነው መባሉ ነው። ስታቲስቲክስ ሲያስተምሩ ጠጉራቸው የሸበተው የዩኒቨርሲቲ መምህር እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። እውቀታቸውን አይሰስቱም፤ ግን አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ትምህርት ሊጀመር ሰሞን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ የወንድማቸውን ልጅ አገኟት። ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ማስተማር ልትጀምር ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው ከኪሳቸው ፍላሽ አውጥተው አሳዩዋት። ለኮርሱ የሚሆነውን የስሌት ፕሮግራም ሊጭኑ ነው። ዋናው ፕሮግራም ውድ ነው፤ የእሳቸው ግን ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ ተሰብሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ቅጂ ነው።

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። ባለቤቶቹ ራሳቸው በነፃ የሚሰጡት ሌላ ፕሮግራም እያለ ለምን ይህን እንደመረጡ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«በነፃ የሚታደል ነገር ምን ይረባል ልጄ?» አሉ። «ደግሞ ትእዛዙን ካልጻፉለት አይሠራም ይባላል። ይኼኛው ጠቅ ጠቅ ነው፣ አለቀ።»

«መጻፉ እኮ ነው ጥቅሙ ጋሼ። ተማሪው ሲሳሳት የት ላይ እንደሳተ ያዩለታል። ጠቅ ጠቅ ዱካ የለውም።»

ነገሩ ከነከናቸው፤ ግን እጅ አልሰጡም። ቅጂው እንዴት እንደሚጫን ስትጠይቃቸው፣ መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱ ይጠፋል አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«እንግዲህ ዘበኛውን አሰናብተን ነዋ በር የምንከፍተው» አለች። «ቁልፉን የሰበረውን ሰው ደግሞ አናውቀውም።»

ክርክሩ እንዳይረዝም፣ ከኔትወርክ በተነጠለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊሞክሩት ተስማሙ። እሷ ለመሞከሪያ ጥቂት ሰነዶች ገለበጠችበት። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጸረ ቫይረሱን አጥፍተው ጫኑና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡት። ፕሮግራሙ ተከፈተ። «አየሽ አይደል?» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሰነዶቹ መልካቸው እየነጣ፣ ስማቸው ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል እየተቀጠለ ይለወጡ ጀመር። አንዱን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ሌላውም እንዲሁ፤ ከቅጂው ጋር ተደብቆ የገባ ቫይረስ ቆልፏቸዋል።

መምህሩ ክው ብለው ቀሩ። ልጅቱ ለኮምፒውተሩ የደነገጡ መስሏት ወንበር ሳበችላቸው። እሳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ ነበር። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ሥራዬ በሙሉ አልከፈት አለኝ ብላ ቢሯቸው መጥታ አልቅሳ ነበር። ሰነፍ ሰበብ አያጣም ብለው ጣሏት። ፕሮግራሙን ከዚሁ ፍላሽ የጫኑላት ራሳቸው ነበሩ፤ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣቱን ግን ለቤቷ ትተውላት ነበር።

«ያቺ ልጅ እውነቷን ነበር» አሉ። «እኔ አጥፍቼ እሷን ቀጣኋት።»

«አላወቁም ነበር ጋሼ። አሁን ግን አውቀዋል» አለቻቸው። ከዚህ በላይ ልታጽናናቸው አልሞከረችም።

እነሆ፣ ሽማግሌው ቢያፍሩም አልተደበቁም። ቅጂውን የወሰዱትን ሁሉ አስጠነቀቁ፤ የትምህርት ክፍሉ ፊት ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው፣ ተማሪዋ ሥራዋን እንደገና እንድታቀርብ አስፈቀዱ። ከዚያ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ተቀምጠው ነፃውን ፕሮግራም ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ አወረዱ። መጀመሪያ ስሌቱን የሚሠራውን ክፍል፣ ቀጥሎ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ጫኑ፤ አማካያቸውን በእጃቸው ያሰሏቸውን ቁጥሮችም ሰጥተው ፈተኑት። ልክ መጣ።

ዛሬ ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው ያለ ስጋት ይጭኑታል፤ የጻፉት ትእዛዝ ስለሚቀር አንዱ የሌላውን ሥራ ደግሞ ይፈትሻል፤ ተመርቀው ሥራ ሲይዙም ፕሮግራሙ አብሯቸው ይሄዳል። ነፃ ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ የተሰረቀ ግን ዋጋውን ሳያስከፍል አይቀርም፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ሰው ላይ ነው።

ለተማሪዋ የደወሉት ራሳቸው ናቸው። አንድም ሳያስቀሩ ሁሉንም ነገሯት።

«አሁን አመኑኝ?» አለች ተማሪዋ።

«አመንኩሽ ልጄ» አሉ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።