አልነሳም ያለው ሰርቨር

ሮቤ ከተማ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ክሊኒክ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ የሕመምተኞች መረጃ ያለበት፣ በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራው ቨርቹዋል ሰርቨር አልነሳም አለ! በዚያው ሰዓት ሐጂ ከድር ከዲንሾ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። "ባለፈው ያሳበጣቸው መርፌ የትኛው ነው?" አለችኝ ዶክተር ጫልቱ። ሐጂ ስሙን አያውቁትም፤ መልሱ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው።

ሰርቨሩን የሚያስነሳው ሊኑክስ ሲስተም "ፋይሉ የለም" ይላል። የሕመምተኞቹ መረጃ የጠፋ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳነበው ግን የጠፋው የሕመምተኞቹ መረጃ ሳይሆን ድሮ ሰርቨሩን የጫንንበት ፍላሽ ላይ የነበረ ፋይል ነው። ፍላሹ ተነቅሏል፤ ሰርቨሩ ግን ሲነሳ አሁንም ይፈልገዋል። ፍላሹን የምትጠራዋን መስመር ከሴቲንጉ አጥፍቼ አስነሳሁት። ተነሳ! የሐጂን መዝገብ ከፍቼ አነበብኩ።

"ፔኒሲሊን ነው! እንዳትሰጪያቸው!" እያልኩ እየጮህኩ በኮሪደሩ ሮጥኩ። ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። በማግስቱ ሐጂ ትንፋሻቸው ተመልሶ ሲያዩኝ ሳቁ። "ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ! ግን የታመመው ሳንባዬ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነበር" አሉኝ።