ደጋሊቱ በቀለ?

ኮሌጅ ልማር አዲስ አበባ በገባሁበት ዓመት፣ ያ ክፉ ቀን ወሎን በመታበት ዓመት ማለቴ ነው፣ የባዮሎጂ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ ማሽላ አደለን። እርጥብ ጥጥ ላይ አድርገን የሚበቅልበትን ቀን ልንመዘግብ ነው። የደረሰኝን ገና ሳየው አወቅሁት፤ ደጋሊት! የኛው የቆቦ ማሽላ! አባቴ በዚያው ሳምንት፣ "ዝናቡስ ጣለ፤ ዘሩን ግን በላነው" ብሎ አስጽፎልኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሁሉም ሲበቅል የኔ ሳህን ባዶ ነው።

"ዘሩስ?" አለኝ መምህሩ።

"ጥጥ ላይ ከሚባክን ብዬ፣ ቆቦ ለሚወርድ ሾፌር ሰጥቼ ለአባቴ ላክሁት።"

ይቆጣኛል ስል የቀረውን ማሽላ ከነከረጢቱ አስታቀፈኝ። "ይኸንንም ላክለት። የበቀለ ዕለት መጥተህ ትመዘግባለህ።"

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ አውቶቡስ ተራ እየሄድኩ፣ ከቆቦ የመጣውን ሁሉ "ደጋሊቱ በቀለ?" እያልኩ አስቸግር ጀመር። አንዱ የሰፈራችን ሰው ገርሞት፣ "ሰው ዘመዱን ይጠይቃል እንጂ እህል ይጠይቃል እንዴ?" አለኝ።

ምን ልበለው? "አባቴ አለ?" ማለት አቅቶኝ እኮ ነው።